እንዶድ ዘር ይጎዳል?

ጉለሌ የሸማኔ አገር ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ነጠላና ጋቢ ያየ ሁሉ ንጣቱን ያውቃል። ሳሙና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ሸማን የሚያነጣው እንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ ይወቀጣል፤ በውኃ ተለውሶ ሲታሽ አረፋው ገንፍሎ ይነሳል፤ በዚያ አረፋ የታሸ ሸማ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ጥርስ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ቆመው ያዩት ይህንኑ አረፋ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ከፍ ሲሉ ግን በሕይወት አለ። የቢልሃርዚያ ተሕዋስ የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ነገሩ ቀላል አልነበረም። በኋላ አድዋ ላይ በተካሄደ የአምስት ዓመት ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ።

ከዚያ የደኅንነት ጥያቄ መጣ። እንዶድ የገባበትን ውኃ ሰው ይጠጣዋል፤ ዘረመሉን ቢለውጥስ? ካንሰር ቢያመጣስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። የሚቆጨኝ መልሱን ማን ይስጥ የሚለው ነው። ከኢትዮጵያ የወጣው ጥናት በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደንብ መሠረት ውጭ አገር እንደገና ካልተሠራ አይበቃም ተባለ።

አንድ ነገር ዘረመል ይለውጥ እንደሆነ የሚያሳየው ፈተና አሜሪካዊው ብሩስ ኤምስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቀመሩት ነው። ሂስቲዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለራሱ መሥራት እንዳይችል የተደረገ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ሂስቲዲን በሌለው ሳህን ላይ ይዘራል፤ የሚመረመረው ነገር ከአይጥ ጉበት ጭማቂ ጋር ይጨመርበታል። ጉበቱ የሚገባው ሰውነታችን ኬሚካሉን እንዴት እንደሚለውጠው ለማየት ነው። ሁለት ቀን በ37 ዲግሪ ይቆያል። ሳህኑ ከወትሮው በብዙ እጥፍ በነጫጭ ነጠብጣቦች ከተሞላ የባክቴሪያው ዘረመል ተለውጧል ማለት ነው።

እንዶድ ይህን ፈተና አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው የአሜሪካ ተመራማሪዎች ውጤት ዘረመል የመለወጥ ምልክት አላገኘበትም። ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ዓሣም ይገድላል፤ ይህ ሊደበቅ አይገባም። አድዋ ከታየው አረፋ እስከዚያ ሳህን ድረስ ግን 20 ዓመት ነጎደ። እነዚያን ዓመታት ሕፃናት ቢልሃርዚያ ባለበት ወንዝ ሲዋኙ አሳለፏቸው።

ጉለሌ ውስጥ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አቅራቢያ፣ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። የቀድሞው ፓስተር ነው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል። በዚያ ግቢ የአገር መድኃኒት ዕፅዋት መርዛማነት በአይጦች ላይ ሲፈተሽ ኖሯል። የእንዶድ ሳህን እዚያው ተዘርቶ፣ እዚያው ተቆጥሮ፣ ውጤቱም ተቀባይነት ቢያገኝ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ።