ከምላጭ እስከ ቶንዶስ

በአገራችን የሕፃን ራስ በምላጭ ሲላጭ ቁንጮ ወይም ጋሜ ይቀርለት እንደነበር ይታወቃል። አንዱ ምላጭ የጎረቤት ልጆችን ሁሉ በሚያዳርስበት ቦታ ግን ቆረቆርም ከራስ ወደ ራስ ይተላለፍ ነበር።

ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣው ቶንዶስ ቀድሞ በእጅ እየተጨመቀ ይሠራ ነበር። አሜሪካዊው ሊዮ ዎል እ.ኤ.አ. በ1919 በኢሊኖይ ግዛት፣ በስተርሊንግ ከተማ ለፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ቶንዶስ የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ1921ም በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። በኢትዮጵያ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ለመጀመሪያ ጊዜ ከታወቁ ወዲህ ስለትን በጋራ አለመጠቀም የዘወትር ምክር ሆነ። ለብዙ ቤተሰብ የግል ቶንዶስ መግዛት ከቅንጦትነት ወደ ጥንቃቄ ተሸጋገረ።

ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራ ጁባ ገብተዋል። በኒምራ ታላታ ቶንዶስ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ኃይል ማጤን ይገባዋል። በማግኔት የሚንቀጠቀጠው ዓይነት የኤሌክትሪኩን ምት ስለሚከተል ጄኔሬተር ሲዳከም ፀጉር ይነጫል፤ ለ120 ቮልት የተሠራውም ከ220 ቮልት ጋር ቢገናኝ ይቃጠላል። ባትሪ ያለው ከኃይል መዋዠቅ ይድናል። ጀማሪ ከረጅሙ ማበጠሪያ መጀመር አለበት፤ የሰፈሩ ስም የሆነው ቁጥር 3 ፀጉሩን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያስቀረዋል። አንድ ራስ በተቆረጠ ቁጥር ስለቱ ተጠርጎ በአልኮል ይጽዳ፤ ዘይትም ይንካው። ሳይጸዳ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር ቶንዶስ ያው የጥንቱ ምላጭ ነውና።