በርተን ያልሰማው የሐረር ድምፅ

የሹዋሊድ በዓል ሲደርስ ሐረር ሌሊቱን አታንቀላፋም። ረመዳን ተፈትቶ፣ ኢድ አልፎ፣ የሸዋል የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ሕዝቡ ወደ አው አክበራና ወደ አው ሹሉም አሕመድ የአውሊያ ቦታዎች ይጎርፋል። ከረቡ የተባለው ከበሮ ይመታል፣ የውዳሴ ዜማው ዚክሪ ይባላል፤ ወንዱም ሴቱም ያዜማል። በዓሉ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ካሳኔ፣ ቦትስዋና ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በግንብ የታጠረው ጥንታዊው የከተማይቱ ክፍል ጀጎል ከነግንቡ፣ ከነ82 መስጊዱና ከነ102 የአውሊያ ቦታው ከዚያ ቀድሞ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የከተማይቱ ታሪክ በጥቅሉ የታወቀ ነው። «ፈትሕ መዲነት ሐረር» የተባለው ጽሑፍ ሼኽ አባድር ዑመር አል-ሪዳ ከሌሎች መሻይኾች ጋር በ612 ዓመተ ሒጅራ ከዓረብ ምድር መጥተው ሐርላ፣ ጋቱሪና አርጎባ የሚባሉ ሕዝቦችን እንዳገኙ ይተርካል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንቡን አስገነቡ። ግብጾች በ1875 እ.ኤ.አ. ገብተው ከአሥር ዓመት በኋላ ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ከተማይቱን ያዙ። በዚህ ሁሉ ትረካ ውስጥ ስለ አሚሮችና ስለ ጦርነቶች እንጂ ስለ ሐረር ሰዎች ድምፅ የሚነግረን ብዙም የለም። በጉዳዩ ላይ ፍርድ የሰጠ አንድ ታዋቂ እንግዳ ግን አለ፤ ፍርዱም እስከ ዛሬ በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈ ነው።

እንግዳው ሪቻርድ በርተን ነው። ዓረብኛን አቀላጥፎ የሚናገር፣ ከዚያ በፊት ተመሳስሎ መካ የገባ የእንግሊዝ መኮንን። ከዘይላ ሲነሳ የዓረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። ሐረር ሊደርስ ሲል ግን ሐሳቡን ለወጠና ከኤደን የተላከ የእንግሊዝ መልእክተኛ ነኝ አለ፤ የያዘውን ደብዳቤ የጻፈውም ራሱ ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን 1847 ዓ.ም. በበሩ አልፎ ገባ፤ አሚር አሕመድ ፊትም ቀረበ። አሚሩ በዚያን ጊዜ ሕመምተኛ ነበሩ። በርተን በእሳቸው ቤት አርፎ፣ ዓይን ሳይለየው፣ በግልጽ ማስታወሻ እንኳ መያዝ ሳይችል አሥር ቀን ቆየ። ከጥቂት ወራት በኋላ በርበራ ላይ ሰፈሩ ተወርሮ ጦር ጉንጩን ከዳር እስከ ዳር በሳው፤ ጠባሳው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ።

በዚያ ዘመን ስለ ሐረር ከተጻፉት የአውሮፓውያን ሥራዎች እጅግ የሚጠቀሰው የእሱ መጽሐፍ ነው። ከኋላው የሐረሪዎች ቋንቋ የሆነውን የጌይ ሲናን ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አያይዟል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ስለ ሰዎቹ የጻፈው ግን ሌላ ነው። የወንዶቹን ድምፅ ጎላ ያለና ያልተገራ ይለዋል። የሴቶቹ፣ በተለይ የሶማሌዎችን ለስላሳ አንደበት ሰምቶ ለመጣ ሰው፣ ሻካራና ጩኸት የበዛበት እንደሆነ ይመሰክራል። በዚያው ገጽ አካባቢ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ጥጥ ሲፈትሉ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ መንገድ ላይ ተቀምጠው ሲሸጡ እንደሚውሉ ይዘረዝራል።

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። በርተን የሰማው የትኛውን ድምፅ ነው? ጠባብ ጠጠራማ መንገድ ላይ፣ ከግንብና ከግንብ መካከል፣ ገዢ የምትጠራ ሴት ድምፅ ነው። ድንጋይ ድምፅን ይመልሳል፤ ገበያም ለስላሳ አንደበት አይፈልግም። ያው በርተን ሴቶቹ ሲፈትሉ እንደሚውሉ አይቷል፤ በጓሮ ተሰብስበው ሲያዜሙ ለመስማት ግን ዘበኛ የሚከተለው ባዕድ ወንድ በምን መንገድ ይገባል? ዓይኑ የደረሰበት ቦታ ጆሮው አልደረሰም። የሐረርን ሴቶች አፍ የሚያውቁ ሰዎች ስለ ሠርግ ዜማቸውና ስለ ዚክሪያቸው የሚናገሩት ከዚህ ጋር አይገጥምም፤ በእኔ እምነት ሊታመን የሚገባውም የእነሱ ምስክርነት ነው። አሥር ቀን የተቀመጠ፣ ያውም በፍርሃት የተቀመጠ ሰው የአንድን ሕዝብ ድምፅ ሊፈርድ አይችልም።

ዚክሪ የሚባለው ምን እንደሆነ ቀርቦ ላየው የበርተን ፍርድ ይበልጥ ይጠብበታል። ሰዎች በጊዲር ጋር፣ ማለትም በሐረሪ ቤት ዋና ክፍል፣ መደቦቹ ላይ ደረጃ ጠብቀው ይቀመጣሉ። ግድግዳው በሙዳይና በሳህን የተሞላ ነው፤ ዕጣን ይጨሳል፣ ጫት ይቀርባል። መሪው ብቻውን፣ ዝግ ብሎ፣ ያለ ከረቡ ይጀምራል። ነቢዩን ያወድሳል፣ ወደ አባድርና ወደ ሌሎች አውሊያዎች ይዞራል። ተቀባዮቹ አዝማቹን ይይዛሉ። ከዚያ ከበሉ፣ ሁለቱ በእጅ የሚያዙ እንጨቶች፣ መጋጨት ይጀምራል፤ ከረቡው ይከተላል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የተቀመጠው ይነሳል። ቃሉ ዓረብኛም፣ ጌይ ሲናንም፣ አፋን ኦሮሞም ነው።

የዚህ ዜማ ኃይል ያለው በተቀባዮቹ ላይ ነው። ሁሉም አንድ ዜማ ይዘዋል፤ አንዱ ግን ሐረጉን ቀድሞ ይጨርሳል፣ ሌላው ጎተት ያደርገዋል፣ ሦስተኛው በጉሮሮው ያንቀጠቅጠዋል። ይህ የድምፅ መዛነቅ ጉድለት አይደለም። የሰው ብዛት የሚሰማው በእሱ ነው፤ ቃሉን የማያውቅ እንግዳ እንኳ ዓይኑ እንባ የሚያቀርረው በዚሁ ነው። የወሎን መንዙማ አድምጦ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

በሌላው የዓለም ጫፍ፣ ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ባለችው የሉዊስ ደሴት፣ የጌሊክ ተናጋሪ ክርስቲያኖች መዝሙረ ዳዊትን የሚዘምሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ያለ መሣሪያ አንድ መሪ ሐረጉን ያወጣል፤ ጉባኤው ተቀብሎ እያንዳንዱ በራሱ ጌጥና በራሱ ጊዜ ያሽከረክረዋል። በአየርላንድ ደግሞ ሻን ኖስ በሚባለው የብቻ ዜማ፣ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የዘፋኙን እጅ ይዞ ቀስ እያለ የማወዛወዝ ልማድ አለው። እነዚህን የሚያጠቃልለው፣ ኬልቲክ የሚባለው ዜማ ዓለምን የማረከው በዚህ ነው፦ ድምፅ ብቻውን አይቀርም፤ የሚይዘው እጅ፣ የሚቀበለው አፍ አለው። የበርተን አባት ደግሞ በአየርላንድ የተወለደ መኮንን ነበር። ልጁ የአባቱ አገር ሰዎች የሚወዱትን ዓይነት ዜማ በሐረር ሳይሰማው መመለሱ ያሳዝናል።

ከበርተን በኋላ የመጡት እንግዶች ስለ ዜማ ብዙ አልጻፉም። አርተር ራምቦ ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐረር ሲመላለስ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በአመዛኙ ስለ ንግድና ስለ ኑሮው ምሬት ናቸው። በ1936 እ.ኤ.አ. ኤንሪኮ ቼሩሊ የሐረርን ቋንቋና ታሪክ የሚመለከት ጥናት በሮም አሳተመ። የዚክሪው ጽሑፎች ራሳቸው ግን ከዚህ ሁሉ ቀድመው በሐረር እጅ ነበሩ፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት የቃዲሪያ ሱፊ ጠሪቃ ሼኽ ሃሺም ቢን አብዱልዓዚዝ «ፈትሕ አር-ረሕማኒ»ን ደርሰው ትተው አልፈዋል። ዜማውን በመቅረጸ ድምፅ ይዞ በጥንቃቄ ያጠናው ጣሊያናዊው ሲሞኔ ታርሲታኒ ሲሆን፣ ያም የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው።

ዛሬ የሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አሉት፤ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ ከግንቡ ውጭ ያሉት የገጠር ወረዳዎች ናቸው። ስለ ዚክሪ ሲወራ ሁልጊዜ ጀጎል ብቻ ይነሳል፤ ይህ ልክ አይደለም። በዚክሪ ውስጥ አፋን ኦሮሞ ያለው፣ ከግንቡ ውጭ ያለው ገበሬና ከግንቡ ውስጥ ያለው ከተሜ ለዘመናት በአንድ አውሊያ ደጃፍ ስለተገናኙ ነው። ስለዚህ የቅርሱ ጥበቃ በሹዋሊድ ሰሞን ለካሜራ በሚቀርብ ትርዒት ማብቃት የለበትም። አፎቻ የሚባሉት የሐረሪ መረዳጃ ማኅበራት ልጆችን በተቀባዮቹ መሃል ያስቀምጡ፤ ዜማው የሚለመደው እዚያ ተቀምጦ ነውና። በሐረር፣ በድሬ ጠያራ፣ በአዲስ አበባ ወይም በቶሮንቶ የምትኖሩ፣ የእናቶቻችሁ ወይም የአያቶቻችሁ ዚክሪ የተቀዳበት የቆየ ካሴት ቤታችሁ ካለ፣ ክሩ ተበላሽቶ ሳይጠፋ ቅጂውን በከተማይቱ ላለው የሸሪፍ ሙዚየም ስጡ፤ የአዚያሚውን ስምና የተቀዳበትንም ቦታ ጻፉበት።