ቡና ይሸጣል ወይስ ቡና ይሰጣል?

ወረቀታችሁን ያዙ፤ ፊደሎቹን እያያችሁ ስሙን።

ዛሬ የምንጫወተው በታፔላ ላይ ስለሚጻፈው ወፍራም ፊደል ነው። በገለምሶ ገበያ አንድ ሱቅ በር ላይ «ቡና ይሸጣል» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል እንበል። ፊደሉ ትልቅና ደማቅ ነው። ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ይህ የፊደል መልክ ከየት መጣ?

ድሮ መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ላይ፣ በመቃ ብዕር ነበር። ብዕሩ ወደ ታች ሲሳብ መስመሩ ይወፍራል፤ ወደ ጎን ሲሳብ ይቀጥናል። በኋላ ማተሚያ መጣ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ሮማ ከተማ ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በእኛ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። የማተሚያው ፊደልም የተቀረጸው የእጅ ጽሑፍ ታይቶ ነው። በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ።

ታፔላ ግን እንደ መጽሐፍ እጅ ላይ ተይዞ አይነበብም። የሚያነበው መንገደኛ ነው፤ በመኪና የሚያልፍ ሰው ነው። ቀጭኑ መስመር ከሩቅ ይጠፋል። ስለዚህ ታፔላ ጻፊው በማስመሪያ ያሰምራል፤ በቡሩሽ መስመሩን ሁሉ እኩል ያወፍራል። በጀርመን አገርም ፓውል ሬነር የተባለ ሰው ክብንና ቀጥ ያለ መስመርን መሠረት አድርጎ ፉቱራ የተባለውን የላቲን ፊደል ሠራ። በፈረንጆች 1927 ወጣ። በእኛ ፊደል ግን እንዲህ ያለው ቅርጽ ድሮም አለ። ዐን እዩ፤ ክብ ነው። መ ሁለት ክብ ነው። በ ሁለት ምሰሶና አንድ አግዳሚ ነው። ተ መስቀል ይመስላል።

ታዲያ ወፍራም ፊደል ጣጣ አለው። ሰ እና ሸን አስተያዩ። ልዩነታቸው አናት ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት። ቡሩሹ ከልክ በላይ ሲወፍር መስመሯ ከአናቱ ጋር ትጣበቃለች። ያኔ «ቡና ይሸጣል» የተባለው «ቡና ይሰጣል» ይሆናል። ሰውም በነጻ መስሎት ይሰለፋል!

ይህስ ያስቃል። ነገር ግን ውል ላይ «ቤቱን ሸጠ» የሚለው «ቤቱን ሰጠ» ተብሎ ቢነበብ ያስቃል? አያስቅም፤ ሰው ያካስሳል። ስለዚህ ጎበዝ ታፔላ ጻፊ ፊደሉን ሲያወፍር በመስመሮቹ መካከል ክፍት ቦታ ይተዋል። ፊደሉን የሚያስነብበው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ክፍቱ ቦታም ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ጎልማሶች ፊደልን ያወቁት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። የጠመኔ መስመርም እንደ ታፔላው እኩል ነው። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል፣ ተሰጠ። ኦሮምኛም አንዱ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል። ቁቤም ሆነ ፊደል፣ ታፔላ ላይ ሲወጣ ሕጉ አንድ ነው፤ ከሩቅ ይታይ፣ ሳይምታታ ይነበብ።

እንግዲህ ነገ ገበያ ስትወጡ አንድ ታፔላ ፊት ቁሙ። የሸን አናት፣ የቡን ክንድ ፈልጉ። ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊትም እንዲሁ አድርጉ። ትንሿን ምልክት አትናቋት።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።