የጠምዛዛ ጋላክሲዎች እምብርት የራዲዮ ምልከታ

የጠምዛዛ ጋላክሲዎች እምብርት የራዲዮ ምልከታ፣ በቅርብ ካሉ ጠምዛዛ ጋላክሲዎች ማዕከል የሚፈልቀውን የራዲዮ ሞገድ የሚያጠና የሥነ ፈለክ ዘርፍ ነው። የሚታየውን ብርሃን የሚጋርደው የእምብርቱ አቧራ ይህን ሞገድ አያግደውም።

ዘርፉ የተጀመረው በራሳችን ጋላክሲ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ካርል ጃንስኪ የራዲዮ ስልክን የሚረብሽ ድምፅ ሲከታተል፣ ምንጩ ወደ ፍኖተ ሐሊብ ማዕከል አቅጣጫ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳወቀ። በ1974 ብሩስ ባሊክና ሮበርት ብራውን እዚያው ሳጂታሪየስ ኤ ስታር የተባለውን የታመቀ ምንጭ አገኙ፤ የፀሐይን 4 ሚሊዮን እጥፍ ያህል የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ ነው።

የራዲዮ ሞገድ ረጅም በመሆኑ አንድ የአንቴና ሳህን ብቻውን እምብርቱን ከዙሪያው መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ብዙ አንቴናዎች ይጣመራሉ፤ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ያለው ታላቅ ድርድር እያንዳንዳቸው 25 ሜትር ስፋት ያላቸው 27 ሳህኖች አሉት።

የጥቁር ጉድጓድ ክብደትና የራዲዮ ድምቀት አብረው አይሄዱም። በ2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ያለው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከ100 ሚሊዮን ፀሐይ በላይ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ ይዞ፣ በራዲዮ እምብዛም አይሰማም። ኤም 81 በ12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ፣ ጉድጓዱም ቀልሎ ሳለ ከሺህ ጊዜ በላይ ይደምቃል። ወሳኙ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ጋዝ ነው።

ከሁሉ የሚደነቀው ኤንጂሲ 4258 የተባለው ጋላክሲ ምልከታ ነው። በእምብርቱ ዙሪያ ያለ የውሃ ሞለኪውል በ22 ጊጋኸርዝ ኃይለኛ ሞገድ ይለቃል። በማኮቶ ሚዮሺ የተመራው ቡድን የጋዙን ፍጥነት ለካ፤ በሴኮንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ውስጥ በቀረበ ቁጥር ልክ ፕላኔቶች ፀሐይን እንደሚዞሩት ይፈጥናል። የ40 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ክብደት በዚያች ጠባብ ስፍራ መታጨቁ በ1995 በዚሁ ታወቀ።

በኢትዮጵያ የእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚያዩት ብርሃንን እንጂ ራዲዮን አይደለም። ሰማዩ ግን ምቹ ነው፤ ከምድር ወገብ 13.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ካለችው መቐለ አንድሮሜዳም፣ የፍኖተ ሐሊብ ማዕከልም ከፍ ብለው ያልፋሉ። ሆኖም እንደ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለ የፋብሪካ ግቢ ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ ብየዳና የሞባይል አንቴና የሚያወጡት ሞገድ የሩቁን ደካማ ምልክት ይውጠዋል። በአገራችን የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሲታሰብ ቦታው ከከተማና ከፋብሪካ የራቀ፣ በተራራ የተከለለ ሸለቆ ሊሆን ይገባል።