ካርታ ከመንገድ በፊት

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አለ፤ ወደ መርካቶ በኩል ደግሞ ለክፍለ ሀገር መንገደኛ መነሻነቱ የሚታወቀው አውቶቡስ ተራ ይገኛል። አካባቢው ለረጅም ዘመን የመንገደኛ መሰናጃ ሆኖ ኖሯል። ሩቅ አገር የሚሄድ ሾፌር ዘይቱን ይለካል፣ የጎማውን ነፋስ ያያል፣ ክሪክና ስኮርታ መያዙን ያረጋግጣል። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያየው ግን ጥቂቱ ነው። ብዙው ሰው ይህን የሚያስታውሰው ኔትዎርኩ ከጠፋ በኋላ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። የአገሪቱ ታሪክ ግን በእጅ ያልተያዘ ወይም ስሙ የተሳሳተ ካርታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ደጋግሞ አሳይቷል።

የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ የጣሊያን ጦር ወደ ዓድዋ ሲነሣ፣ ጄኔራል ባራቲዬሪ ለአዛዦቹ የሰጣቸው በእጅ የተነደፈ ካርታ ነበር። በካርታው ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለ ኮረብታ አለ። የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ እዚያ ደርሶ ቦታ እንዲይዝ ታዘዘ። ብርጌዱ ካርታው ያመለከተው ቦታ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ግን ይህ ኪዳነ ምሕረት እንዳልሆነ፣ እውነተኛው ገና ኪሎ ሜትሮች እንደሚቀሩት ነገሩት። አልበርቶኔ ስሙን ተከትሎ ወደፊት ገፋ። ሲነጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ገጠመ፤ ብርጌዱ ተመታ፣ እሱም ተማረከ።

የዓድዋ ድል የካርታ ስህተት ውጤት ነው ማለት አይደለም። ድሉ የተዋጊው ጀግንነት፣ የመሪዎቹ ብልሃትና የሕዝቡ አንድነት ነው። ሆኖም ያ ኮረብታ አንድ ነገር ያስተምራል፦ የአገሩ ሰው በሚጠራበት ስም ያልተሠራ ካርታ፣ ካርታ ከሌለው ሰው ይልቅ የያዘውን ሰው ያሳስታል።

ካርታ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ ቬኒስ ላይ የዓለም ካርታ የሠራው መነኩሴ ፍራ ማውሮ፣ የዚህን አካባቢ ከተሞች፣ ወንዞችና ተራሮች እዚያው የተወለዱ ካህናት በገዛ እጃቸው ስለው እንዳሳዩት ካርታው ላይ ጽፏል። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ሮም ላይ ከጀርመኑ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙና ስለ አገራቸው የሚያውቁትን አካፈሉት። እ.ኤ.አ. በ1683 የታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ካርታ የእርሳቸው ዕውቀት አለበት። በሁለቱም ጊዜ ዕውቀቱ ከዚህ ወጣ፤ የተሠራው ካርታ ግን እዚያው አውሮፓ ቀረ። መንገዱን የሚሄደው ነጋዴና ገበሬ አላየውም።

በወረራው ዘመንም ነገሩ አልተለወጠም። የጣሊያን የቱሪስት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ካርታ ያለበት ወፍራም የጉዞ መምሪያ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው ለጣሊያን መንገደኛ በጣሊያንኛ ነው። ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የመስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ አትላስ ወጣ፤ መንግሥትም የራሱን የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት አደራጀ። አንድ ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚወክል ዝርዝር ካርታ አገር ውስጥ መታተሙ ትልቅ ሥራ ነበር። ግን ዝርዝሩን ካርታ ለመግዛት ለብዙ ዓመታት ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማምጣት ያስፈልግ ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ከማን ደብዳቤ ያጽፋል? እሱ የሚተማመነው በረዳቱ፣ በትዝታውና መንገድ ላይ በሚያገኘው ሰው ነበር።

ከዚያ ስልክ መጣ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የጂፒኤስን ትክክለኛ ምልክት ለሁሉም ክፍት አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2004 ማንም ሰው ሊያርመው የሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ ተጀመረ፤ በዓመቱ ጉግል ማፕስ ተከተለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተክለ ሃይማኖት ሾፌርና የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አንድ ዓይነት ካርታ ያዙ። ደብዳቤ ቀረ።

በደብዳቤው ቦታ ግን ኔትዎርክ ገባ። ካርታው ስልክ ላይ የሚታይ ቢሆንም የሚቀመጠው ሩቅ ነው፤ በየመንገዱ እየተቆረሰ ይመጣል። መስመሩ ሲቋረጥ ሰማያዊዋ ነጥብ ባዶ ግራጫ ሜዳ ላይ ትቀራለች። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ጂፒኤሱ ጠፋ» ይላል። ጂፒኤስ ግን ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት ነው፤ ሲም ካርድም ጥቅልም አይጠይቅም። የጠፋው ካርታው ነው።

መስመሩ የሚጠፋው ደግሞ ተራራ ሲከልለው ብቻ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተዘጋው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ተቆርጣ ኖራለች። አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አጥቷል። የመዝጋቱ ተገቢነት ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ለመንገደኛው ግን ውጤቱ አንድ ነው፦ መንገድ የሚዘጋበትና ተለዋጭ መንገድ የሚፈለግበት ጊዜ፣ ካርታውም አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ ሆነ። በሽተኛ ይዞ ከክፍለ ሀገር ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመጣ ሾፌር፣ ከተማውን የማያውቅ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት መብራት ያለበት ሱቅ እየፈለገ ይጠይቃል።

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል፦ ካርታውን ቀድሞ ስልክ ላይ ማውረድ። ጉግል ማፕስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለ ኢንተርኔት መንገድ ይመራል። በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የተሠሩት ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ከመነሻቸው ለዚህ የታሰቡ ናቸው። ታዲያ ለምን ጥቂት ሰው ይጠቀምበታል?

አንደኛው ምክንያት መደበቁ ነው። ጉግል ላይ ማውረጃው በምናሌ ውስጥ ተቀምጧል፤ ተጠቃሚው በአራት ማዕዘን ሣጥን ቦታውን ራሱ መክበብ አለበት። ሣጥኑ ሰፊ አገርን በአንድ ጊዜ አይቀበልም፤ የወረደውም ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን እንደሚወጣ ያውቅ ይሆናል። ሣጥኑ ያንን ሁሉ መያዙን፣ መንገድ ቢዘጋ የሚዞርበትም ገጠር መግባቱን ግን ማን ያረጋግጥለታል? መንገዱን የጠየቀው መተግበሪያውን ነው፤ እንግዲያው መተግበሪያው ራሱ «ይህ መንገድ ሩቅ ነው፣ ከነዙሪያው ላውርድልህ?» ቢለው ነገሩ በአንድ ንክኪ ባለቀ ነበር።

ሁለተኛው ወጪ ነው። ዋይፋይ በሌለበት ቤት ትልቅ ፋይል ማውረድ ማለት ጥቅል መብላት ማለት ነው። አዲስ አበባ ለዚህ የራሷ ዘዴ አላት፤ ዘፈንና ፊልም ሚሞሪ ላይ የሚጭኑ ሱቆች ለዓመታት ሠርተዋል። የኦስምአንድን የመሰለ የካርታ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ ሊገለበጥ ይችላል። አንድ ሰው ያወረደውን መቶ ሰው በነጻ ሊወስደው ይችላል። አውቶቡስ ተራና ሶማሌ ተራ አካባቢ «ካርታ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍ የሚጎዳ ማንም የለም።

ሦስተኛው ስም ነው፤ እዚህ ላይ የዓድዋው ኮረብታ ይመለሳል። ኢንተርኔት ሲኖር የተሳሳተ ፊደል ሩቅ ያለው ኮምፒውተር ያርመዋል። ሳይኖር ግን ስልኩ የሚፈልገው ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን ስም ብቻ ነው። «ተክለ ሃይማኖት»፣ «ተክለሃይማኖት»፣ «ተክለ ሐይማኖት» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለስልኩ ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በላቲን ሲጻፍማ ቁጥሩ ይበዛል። በዚያ ላይ በጻድቁ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን በየአገሩ አለ፤ እንደ ኪዳነ ምሕረት ሁሉ። ክፍት የሆነው ካርታ ላይ የሰፈሩን ስም በአማርኛ ማስገባት ማንም ሊያደርገው የሚችል የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው አባ ጎርጎርዮስ የሠሩትን ይሠራል፤ ልዩነቱ ካርታው ተመልሶ ወደ አገሩ ሰው እጅ መግባቱ ነው።

«ሰው እያለ ካርታ ምን ያደርጋል? ጠይቆ መሄድ ባህላችን ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ አልበርቶኔን እንኳ ትክክለኛውን ስም የነገሩት ሰዎች ናቸው። የወረደ ካርታም ያረጃል። ከተማዋ በኮሪደር ልማት በፈረሰችበትና በተሠራችበት በዚህ ጊዜ የአምናው ፋይል የሌለ መንገድ ሊያሳይ ይችላል። ካርታ ሰው መጠየቅን አይተካም። ግን ሌሊት የሚጠየቅ ሰው የለም፤ በጸጥታ ችግር ጊዜ ደግሞ እንግዳ ሰው መንገድ ሲጠይቅ ራሱ ተጠርጣሪ ይሆናል። ካርታ የሚያስፈልገው ለዚያ ሰዓት ነው።

የጂኦስፓሻል ሥራን የያዘው የመንግሥት ኢንስቲትዩትም የመንገድና የቦታ ስሞችን በአማርኛና በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች አሰናድቶ ለሁሉም በሚወርድ ፋይል ቢለቅ፣ የደብዳቤው ዘመን በእውነት አበቃ ማለት ይቻላል።

እስከዚያ ድረስ ክሪክና ስኮርታ የሚያይ ሾፌር አንድ ነገር ይጨምር። ካርታውን ያውርድ፤ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርግ፤ የሚሄድበትን ከተማ ፈልጎ መንገዱ መምጣቱን ይይ። ካልመጣ፣ ይህን ያወቀው ገና ከተክለ ሃይማኖት ሳይነሣ ነው፤ ለማውረድም ጊዜ አለው።