የጎልፍ ኳስ ከእግር አንጻር የት ትቀመጥ?

በገና ሰሞን ሜዳ ወርዶ፣ ዱላ ይዞ እሩር ያሳደደ ሰው አንድ ነገር አይጠፋውም። እሩሯ ቆማ አትጠብቅም። እርሷም ትሮጣለች፤ መቺውም ይሮጣል። እግሩን አስተካክሎ ለመቆም ፋታ ሳያገኝ፣ በደረሰባት ቦታ ይመታታል። ቢስት እንኳ የሚወቅሰው ሩጫውን ወይም ተጋጣሚውን ነው።

በጎልፍ ጨዋታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኳሷ በሣር ላይ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች። የሚነጥቅ ተጋጣሚ የለም፤ የሚያሳድድም የለም። የት እንደሚቆም፣ እግሮቹን ምን ያህል እንደሚከፍት፣ ኳሷን ከየትኛው እግሩ ትይዩ እንደሚያደርግ የሚወስነው ተጫዋቹ ብቻ ነው። ስለዚህም የምቱ ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው ዱላው ከመነሳቱ በፊት ይወሰናል። ብዙ ጀማሪዎች ኳሷ ወደ ጎን ስትበርባቸው ወይም አፈሩን ገምሰው ሲያስቀሩት እጃቸውን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የእጅ አይደለም፤ ኳሷ ከእግራቸው አንጻር ያለቦታዋ መቀመጧ ነው።

ስለ ጨዋታው በጥቂቱ

ዛሬ የሚታወቀው ጎልፍ ቅርጹን የያዘው በስኮትላንድ ነው። በዚያ በምትገኘው የቅዱስ እንድርያስ ከተማ፣ የጥንቱ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1764 ጉድጓዶቹ ወደ 18 እንዲሆኑ ተደርጓል፤ ይህም ቁጥር ከጊዜ በኋላ የዓለም ደንብ ሆነ። ዓላማው ቀላል ነው፤ ትንሿን ኳስ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው። የኳሷ ክብደት ከ45.93 ግራም መብለጥ አይችልም፤ የጎን ስፋቷም ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። በሀገራችንም በአዲስ አበባ የጎልፍ ሜዳ አለ።

አንድ ተጫዋች በውድድር ላይ እስከ 14 ዱላ ሊይዝ ይችላል። ረጅሙና ራሱ ትልቅ የሆነው ድራይቨር ለሩቅ ምት ነው። አይረን የሚባሉት የብረት ዱላዎች ለመካከለኛ ርቀት ያገለግላሉ። ዌጅ አጭርና ፊቱ ወደ ኋላ የተንጋለለ ስለሆነ ኳሷን ከፍ አድርጎ በቅርብ ያሳርፋታል። ፓተር ደግሞ በጉድጓዱ ዙሪያ በታጨደው ሣር ላይ ኳሷን ለማንከባለል ነው። ዱላዎቹ በርዝመትና በቅርጽ ስለሚለያዩ የኳሷም ቦታ ከዱላ ዱላ ይለያል።

ዱላው የሚሠራው ቅስት

ምክንያቱን ለመረዳት የማጭድን ወይም የዶማን እንቅስቃሴ ማሰብ ይበቃል። የጎልፍ ዱላ ሲሰነዘር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንድ ዝቅተኛ ነጥብ ይነካል፣ ከዚያም ወደ ላይ ይወጣል። ጉዞው ቅስት ነው። የቅስቱ ዝቅተኛ ነጥብ በሁለቱ እግሮች መሐል ልክ ላይ አይደለም። ተጫዋቹ በሚመታበት ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊተኛው እግሩ ስለሚሻገር፣ ነጥቡ ወደዚያው ወደ ፊተኛው ትከሻ ሥር ይጠጋል። ፊተኛው እግር የሚባለው ወደ ዒላማው የቀረበው ነው፤ ለቀኝ እጅ ተጫዋች ግራ እግሩ ማለት ነው። ግራኝ ተጫዋች በዚህ ጽሑፍ ስለ ግራና ቀኝ የተባለውን ሁሉ ገልብጦ ይረዳው።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ዱላው ኳሷን የሚያገኛት እየወረደ ነው፣ ታች ሲደርስ ነው ወይስ እየወጣ? ኳሷ ወደ ኋለኛው እግር በቀረበች ቁጥር ዱላው እየወረደ ያገኛታል። ወደ ፊተኛው እግር በቀረበች ቁጥር ደግሞ ታች ደርሶ ወይም መውጣት ጀምሮ ያገኛታል። ገበሬ የማረሻውን አቀማመጥ ጥቂት ሲለውጥ የትልሙ ጥልቀት እንደሚለወጥ ሁሉ፣ ኳሷም በአንዲት ስፋቷ ልክ ብትንቀሳቀስ ምቱ ይለወጣል።

ለየዱላው የተስማማው ቦታ

ድራይቨር፦ ኳሷ በትንሽ ችካል ላይ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ ዱላው መሬቱን መንካት የለበትም። የሚፈለገው መውጣት ሲጀምር እንዲመታት ነው። ስለዚህ ኳሷ ከፊተኛው እግር ተረከዝ ውስጠኛ ጠርዝ ትይዩ ትሆናለች። እግሮች በትከሻ ስፋት ወይም ጥቂት ሰፋ ብለው ይከፈታሉ። ዱላው መሬት ላይ ሲቀመጥ ከኳሷ ግማሽ ያህሉ ከዱላው ራስ በላይ እንዲታይ ችካሉን ማስተካከል የተለመደ ልክ ነው።

ረጃጅም ዱላዎች በሣር ላይ፦ ኳሷ ከፊተኛው ተረከዝ አንድ ወይም ሁለት የኳስ ስፋት ወደ መሐል ትገባለች። አንድ የኳስ ስፋት አራት ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ነው፤ ሁለት ጣትን ጎን ለጎን ከማድረግ ብዙም አይርቅም።

መካከለኛ አይረን፦ ለምሳሌ በ7 ቁጥር አይረን ኳሷ ከእግሮቹ መሐል አንድ የኳስ ስፋት ያህል ወደ ፊት ትቀመጣለች። ዱላው መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ ሣሩን መንካት አለበት። በጥሩ ምት የሣሩ ገጽ የሚላጠው ኳሷ ከነበረችበት ቦታ ቀደም ብሎ ሳይሆን ከእርሷ አልፎ ወደ ዒላማው በኩል ነው።

ዌጅ፦ እግሮች ጠበብ ይላሉ፤ ኳሷም መሐል ላይ ትሆናለች። በዚህ ቦታ ዱላው ቁልቁል እየወረደ ያገኛታል። ኳሷን ወደ ላይ የሚያነሳት የተንጋለለው የዱላው ፊት ነው እንጂ የተጫዋቹ እጅ አይደለም።

ፓተር፦ ኳሷ ከመሐል ጥቂት ወደ ፊት፣ በፊተኛው ዓይን ሥር ብትሆን ይመረጣል። በዚህ ጊዜ ዱላው በስሱ ይነካታል፤ እርሷም ሳትዘል መንከባለል ትጀምራለች።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ኳሷ ከሰውነት የምትርቀው እንደ ዱላው ርዝመት ነው። ክንዶች ከትከሻ ሥር ዘና ብለው ይንጠልጠሉ። ኳሷን ለመድረስ መንጠራራት ካስፈለገ ርቃለች፤ እጅ ከጭን ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ቀርባለች ማለት ነው።

ሁለት አስተምህሮዎች

በዚህ ጉዳይ ላይ የጨዋታው ሊቃውንት ሁልጊዜ በአንድ ቃል አይናገሩም። ከላይ የቀረበው አካሄድ ዱላው ባጠረ ቁጥር ኳሷን ወደ መሐል ማምጣት ነው። ሌላው አካሄድ ደግሞ ኳሷ ከፊተኛው ተረከዝ አንጻር ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ትሁን፣ የሚንቀሳቀሰው የኋለኛው እግር ብቻ ይሁን የሚል ነው።

ይህን ሁለተኛውን አስተምህሮ በስፋት ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው ቤን ሆጋን ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1912 በቴክሳስ ግዛት ከአንጥረኛ አባት ነው። አባቱን በልጅነቱ አጣ። ገና በ11 ዓመቱ በፎርት ዎርዝ ከተማ የጎልፍ ተጫዋቾችን ቦርሳ እየተሸከመ ጥቂት ገንዘብ ማግኘት ጀመረ፤ ጨዋታውንም በዚያው ተማረ። በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ተጎዳ፤ ዳግም መራመዱም አጠራጥሮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ወደ ሜዳ ተመልሶ የአሜሪካን ኦፕን ዋንጫ አነሳ። በ1957 በታተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ኳሷ በፊተኛው ተረከዝ አጠገብ ቦታዋን እንደያዘች፣ ዱላው ሲያጥር የኋለኛው እግር ብቻ እየቀረበ የሚሄድበትን ሥዕል አቅርቧል። 18 ታላላቅ ዋንጫዎችን የሰበሰበው ጃክ ኒክላውስም ኳሷን በአንድ ቦታ የማኖር ደጋፊ ነው።

ሁለቱ አካሄዶች ሲታዩ የተቃረኑ ይመስላሉ። በስሌት ሲታዩ ግን ይቀራረባሉ። ኳሷ ከፊተኛው ተረከዝ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ናት እንበል። በተረከዞቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ ኳሷ ከመሐል 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ናት። እግሮቹ ተቀራርበው ልዩነቱ 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ኳሷ ሳትነካ ከመሐል የምትርቀው 7.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ኳሷ ወደ መሐል አልሄደችም፤ መሐሉ ወደ እርሷ መጣ። ለጀማሪ የሚበጀው አንዱን መርጦ በእርሱ መጽናት ነው፤ በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘል ሰው ስህተቱን ከየት እንዳመጣው ማወቅ ይሳነዋል።

ቦታዋን ስትስት

ኳሷ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ከሆነች፣ ተጫዋቹ እርሷን ለመድረስ ሳያውቀው ትከሻውን ወደ ዒላማው ይከፍታል። ዱላው በገደምዳሜ ከውጭ ወደ ውስጥ ያልፋል፤ ኳሷም ወደ ግራ ትሄዳለች ወይም ወደ ቀኝ ትጠማዘዛለች። በብረት ዱላ ሲሆን ደግሞ ዱላው ከኳሷ በፊት አፈር ይገምሳል፣ አለዚያም እየወጣ አናቷን ብቻ ይነካል።

ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከሆነች ደግሞ ዱላው ገና በቁልቁለት ላይ ሳለ ይደርስባታል። ኳሷ ዝቅ ብላ ትበራለች፤ ብዙ ጊዜም ወደ ቀኝ ትጀምራለች። በድራይቨር ሲሆን ርቀቱ ይቀንሳል።

ዓይንም ያታልላል። የፊተኛው እግር ጣቶች ወደ ውጭ ሲዞሩ፣ ከላይ ለሚያይ ሰው ኳሷ ወደ ኋላ የቀረች ትመስላለች። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ከጣት ሳይሆን ከተረከዝ ነው።

ተዳፋት፣ ነፋስና ደጋ

ሜዳው ሁልጊዜ ለጥ ያለ አይደለም። በዳገትም ሆነ በቁልቁለት የሚያገለግለው ደንብ አንድ ነው፤ ኳሷን ጥቂት ከፍ ወዳለው እግር ማስጠጋት። ወደ ዳገት ሲመታ ከፍ የሚለው ፊተኛው እግር ነው፤ ወደ ቁልቁለት ሲመታ ደግሞ ኋለኛው። ትከሻም ከመሬቱ ዘንበልታ ጋር ይስማማ። ነፋስ ከፊት ሲነፍስ ኳሷን ጥቂት ወደ ኋላ ማድረግ ዝቅ ብላ እንድትበር ይረዳል።

በደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን የሚይዛት ኃይል ይቀንሳል፤ ርቃም ትሄዳለች። ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ በምትገኘው ሜክሲኮ ሲቲ ታላላቅ ተጫዋቾች ሲወዳደሩ ይህ በግልጽ ታይቷል። አዲስ አበባም ከዚያ ከፍታ አታንስም። ኳሷ አልፋ ስትሄድ ግን መፍትሔው አጭር ርቀት የሚመታ ዱላ መምረጥ ነው እንጂ የኳሷን ቦታ መነካካት አይደለም።

በአመድ መስመር መለማመድ

ይህን ለመማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰውና ከብት በሌለበት ሣራማ መሬት ላይ በአመድ ወይም በኖራ ቀጭን መስመር ይሰመር። መስመሩ ከዒላማው አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ ሆኖ፣ ኳሷ በምትቀመጥበት ቦታ በእግሮቹ መካከል ይለፍ። ከዚያም ያለ ኳስ ዱላውን ደጋግሞ መሰንዘር ነው። ሣሩ የሚላጠው ከመስመሩ ጀምሮ ወደ ዒላማው በኩል ከሆነ ቦታውም ምቱም ሰምሯል። ከመስመሩ በፊት ከተላጠ ግን ክብደቱ ወደ ፊተኛው እግር በደንብ አልተሻገረም፣ ወይም የኳሷ ቦታ ወደ ፊት በዝቷል።

ኳስ ወደ መምታት ሲታለፍ ጥንቃቄ ይቅደም። የጎልፍ ኳስ ትንሽ ብትሆንም ጠንካራና ፈጣን ናት፤ ዓይን ታጠፋለች፤ ሕይወትም ልትቀጥፍ ትችላለች። ከፊት ማንም አለመኖሩን፣ ከኋላም በዱላው ርዝመት ክልል ሕፃን አለመቆሙን ሳያረጋግጡ ዱላ ማንሳት አይገባም።

ከእያንዳንዱ ምት በፊት አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መከተል ልማድ ይሁን። መጀመሪያ ሁለቱ እግሮች ከኳሷ ትይዩ ይገጠማሉ። ቀጥሎ ፊተኛው እግር እንደ ዱላው ዓይነት ጥቂት ወይም ጥቂት በዛ ብሎ ይራመዳል። በመጨረሻም ኋለኛው ተከፍቶ ቦታውን ይይዛል። ይህ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። ቆማ የምትጠብቅ ኳስ ለተጫዋቹ የሰጠችው ዕድልም ይኸው ነው፤ ከመምታቱ በፊት የራሱን እግር ተመልክቶ ማረም።