ስለ እንግሊዝ ባለ መሳቢያ ሣጥን ጥንተ ነገር

በእንግሊዝ አገር የቀድሞ ሰው ሀብት፣ ልብስም ቢሆን፣ ብርም ቢሆን፣ ርስትን የሚመሰክር ብራናም ቢሆን፣ የሚያድረው ክዳኑ ወደ ላይ በሚከፈት ከባድ የኦክ እንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ንዋየ ቅድሳቷንና መዝገቧን የምታኖረው በዚሁ ዓይነት ሣጥን ስለ ነበር፣ በ1538 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ባለሟል ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር የጥምቀቱን፣ የተክሊሉንና የቀብሩን መዝገብ ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን እንዲጠብቅ አዘዘ፤ በ1603 የወጣው ቀኖና ደግሞ ቁልፎቹን ሦስት አድርጎ አንዱን ለካህኑ፣ ሁለቱን ለደብሩ ሹማምንት ደለደለ። ሣጥኑ ለጥበቃ የታመነ ነበር፤ ለዕለት አገልግሎት ግን አስቸጋሪ ነው። ከሥር የተቀመጠች አንዲት ሸሚዝ ለማውጣት ከላይዋ ያለውን ሁሉ መዘርገፍ ግድ ይላልና።

ይህን ችግር ያስወገደው ዘዴ በአንድ ጊዜ የተፈለሰፈ አይደለም። በመጀመሪያ አናጢዎች ከባለ ክዳኑ ሣጥን ግርጌ አንድ መሳቢያ ጨመሩ፤ ወደ 17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግን መሳቢያዎቹ እየተደራረቡ ወደ ላይ ወጡና ክዳኑን ጨርሰው አስቀሩት። የለንደን ባለ እጆች በዚያ ጊዜ ከሠሯቸው መካከል መሳቢያዎቹ ከሁለት መዝጊያ ኋላ የተሸሸጉባቸው ዛሬም ይገኛሉ፤ አዲሱ ነገር ገና ዓይን ያልለመደው፣ ፊቱን ገልጦ ለመቆም ያፈረ ይመስላል። በዚያን ዘመን መሳቢያው የሚሄደው እንደ ዛሬው በሆዱ ተንሸራቶ ሳይሆን፣ በጎኑ ሳንቃ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ከሣጥኑ ውስጥ በተመታ አግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ስለዚህም ጎኑ እጅግ ወፍራም መሆን ነበረበት፤ ይህንንም ያየ ሰው ዕቃው የጥንት ለመሆኑ አንድ ጥሩ ምልክት አገኘ ማለት ነው።

ቻርለስ 2ኛ በ1660 ከስደት ተመልሶ ዙፋኑን ከያዘ በኋላ የመኳንንቱ ልብ ባሕር ማዶ ወዳለው ውበት አዘነበለ፤ ሥራውም ከተራው አናጢ እጅ ወጥቶ የቤት ዕቃ ብቻ በሚሠራ ጠቢብ እጅ ገባ። ይህ ጠቢብ የሣጥኑን አካል ከኦክ ወይም ከጥድ ያቆምና፣ ባስልኤል ታቦቱን ከግራር እንጨት ሠርቶ በወርቅ እንደ ለበጠው፣ እርሱም ፊቱን በመጋዝ በተሰነጠቀ ስስ የዎልነት እንጨት ገጽ ይለብጠዋል። ልባሱ የሚጣበቀው ለስላሳ ገጽ ላይ ስለ ሆነ ምስማር የሚመታበት መጋጠሚያ አልተመቸም፤ በምትኩም የሁለቱ ሳንቃ ጥርሶች ጫፋቸው ሰፋ፣ ሥራቸው ጠበብ ተደርጎ በመሮ ተፈልፍለው እርስ በርሳቸው እንዲቆላለፉና ከቆዳና ከአጥንት በተቀቀለ ኮላ እንዲታሰሩ ተደረገ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 የእምነት ነፃነት ይሰጣቸው የነበረውን የናንትን አዋጅ በሻረ ጊዜ ከፈረንሳይ የተሰደዱት ሁግኖ የተባሉ ፕሮቴስታንቶችም፣ ከመካከላቸው ብዙ ጥበበኞች ነበሩና፣ በለንደን ለዚህ ሙያ ታላቅ ረድኤት ሆኑት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ግን ያመጣው ውርጭና ቀረጥ እንጂ የጠቢባን ምርጫ ብቻ አይደለም። በ1709 መጀመሪያ አውሮፓን የመታው ብርድ በፈረንሳይ ብዙ የዎልነት ዛፍ አደረቀ፤ በ1720ም ፈረንሳይ ይህ እንጨት ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች፤ በሚቀጥለው ዓመት የብሪታንያ ፓርላማ ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቹ በሚመጣ ጣውላ ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሣ። በዚህ በር የገባው ማሆጋኒ ነው። መጀመሪያ ከጃማይካ፣ ቆይቶም ከኩባና ከሆንዱራስ ባሕረ ሰላጤ የሚጫነው ይህ ቀይ እንጨት ሳንቃው ሰፊ፣ ጥንካሬው የታመነ፣ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ነቀዝም እንደ ዎልነት የማይደፍረው ስለ ነበር፣ በሁለት ትውልድ ውስጥ የእንግሊዝን ቤት ሁሉ ወረሰ።

ይህ እንጨት ከየት እንደ መጣ ሲነገር የአገሩ ስም ይጠቀሳል፤ የቆረጠው እጅ ግን እምብዛም አይወሳም። ዛሬ ቤሊዝ በምትባለው ምድር ዛፉን የሚቆርጡት ከአፍሪካ የተጋዙ ባሮች ነበሩ፤ ጭፍራ ጭፍራ ሆነው ወደ ዱር ሲወጡ በእያንዳንዱ ጭፍራ ሥራው ዛፍ መፈለግ ብቻ የሆነ አንድ ብልህ ሰው ይኖር ነበር። እርሱም በነሐሴ ወር አካባቢ የማሆጋኒው ቅጠል ወደ ቀላ ያለ ቢጫ ሲለወጥ፣ በደኑ ውስጥ ከሁሉ የረዘመውን ዛፍ እስከ ጫፉ ወጥቶ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ቀለሙን ከሩቅ ለይቶ አቅጣጫውን በልቡ ይይዝና ወርዶ ጥቅጥቅ ባለው ጫካ ውስጥ ያለ ስሕተት ወደ ዛፉ ይመራል። ተቆርጦ የተጠረበውን ግንድ በበጋ ጊዜ በሬዎች ወደ ወንዝ ዳር ይጎትቱታል፤ የቀኑ ሙቀት ለከብቶቹ አይቻልምና ጉዞው የሚደረገው በሌሊት፣ በችቦ ብርሃን ነበር። ዝናቡ ጥሎ ወንዙ ሲሞላ ግንዱ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ለንደን ወይም ወደ ሊቨርፑል። ፓርላማው ባርነትን በቅኝ ግዛቶቹ የሚሽረውን ሕግ ያወጣው በ1833 ስለ ሆነ፣ በንጉሥ ጆርጅ 2ኛና 3ኛ ዘመነ መንግሥት የተሠራ የማሆጋኒ ሣጥን የገዛ ሰው የዚያን ዛፍ ፈላጊ ድካም አብሮ ቤቱ እንዳስገባ ማወቅ የሚገባው ይመስለኛል።

በዚሁ በማሆጋኒው ዘመን፣ በለንደን ሴንት ማርቲንስ ሌን በተባለው መንገድ ሱቅ የነበረው የቤት ዕቃ ሠሪ ቶማስ ቺፐንዴል በ1754 የቤት ዕቃ ሥዕሎቹን በመጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም በየአውራጃው ያሉ ባለ እጆች የሚቀዱለት ስለ ሆነ፣ ስሙ እጁ ፈጽሞ ባልነካቸው ብዙ ሣጥኖች ላይ ተለጥፎ ቀረ። ሻጭ ይህን ስም ቢጠራ ገዢ ልቡን ማሞቅ የለበትም።

እንግዲህ መግዛት የሚፈልግ ሰው ከፊቱ ጌጥ ይልቅ፣ ሠሪው ማንም አያየውም ብሎ የተወውን ኅቡእ ገጽ ቢመረምር ይሻላል። አንዱን መሳቢያ ጨርሶ ማውጣትና ወደ ቀን ብርሃን መውሰድ ነው። በእጅ የተፈለፈሉ ጥርሶች ስፋታቸው አንድ አይደለም፤ በሥራቸውም ባለ እጁ መለኪያውን የጫረበት ቀጭን መስመር ይታያል፤ ጥርሶቹ ሁሉ በመጠንም በርቀትም እኩል ከሆኑ ግን ሥራው ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የመጣው የመኪና ነው። ቀጥሎ መሳቢያውን ገልብጦ የወለሉን ሳንቃ ማየት፤ በጥንቶቹ የእንጨቱ ጅማት ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ ሩብ ወዲህ ግን ከጎን ወደ ጎን መሄድ ለመደ። የክብ መጋዝ ቅስት ምልክት ከተገኘበት ያ ሳንቃ የ19ኛው ምዕተ ዓመት ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። እንጨት ከጅማቱ በተሻገረ አቅጣጫ በዕድሜው እየጠበበ ስለሚሄድ፣ በወለሉ ላይ ስንጥቅ ወይም በጠርዙ ክፍተት መኖሩ እንደ ጉድለት አይቈጠርበትም፤ እንዲያውም ለሁለት መቶ ዓመት አንዳች ያልተሸበሸበ ሳንቃ ያጠራጥረኛል። ያልተቀባው የውስጥ እንጨት በአየርና በአቧራ ብቻ ቀስ በቀስ የጠቈረ መሆን አለበት፤ ውስጡ በቀለም ተቀብቶ የተገኘ እንደ ሆነ አንድ ሰው የሸሸገው ነገር አለ።

እጀታው ቢለወጥ ኃጢአቱ ቀላል ነው። የአዲስ ዘመን ፋሽን በመጣ ቁጥር የቤቱ ባለቤት የናሱን ጠብታ መሰል እጀታ በቀለበት፣ ቀለበቱንም በእንጨት ጉብታ ይለውጥ ነበርና፣ ከፊቱ ሳንቃ ኋላ የተደፈኑ አሮጌ ቀዳዳዎች ማግኘት የተለመደ ነው። የእግሩም ነገር እንዲሁ፤ የ17ኛው ምዕተ ዓመት ክብ እግሮች እርጥብ ወለል ላይ በስብሰው በሌላ ተተክተዋል። ከባዱ ማታለል ግን በድርብ ሣጥን ላይ የሚደረገው ነው። በሁለት ክፍል ተሠርቶ አንዱ ባንዱ ላይ የሚቆም ረጅም ሣጥን ነበርና፣ ነጋዴዎች ለያይተው እንደ ሁለት ዕቃ ይሸጡታል፤ ወይም ከሁለት ቤት የመጡትን ግማሾች አጋብተው እንደ አንድ ያቀርቡታል። የላይኛውንና የታችኛውን መሳቢያ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ጥርሶቹ የአንድ ሰው እጅ መሆናቸውና አለመሆናቸው ይለያል።

ስለ አያያዙ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የሚጎዳው ከመተው ይልቅ ከመጠን ያለፈ ትጋት ነውና። ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከሙቀት ማስተላለፊያ ማራቅ፤ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ስስ የንብ ሰም መቀባት፤ የሚያስቸግረውን መሳቢያ መሄጃ በሻማ ማሸት። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ በአዲስ ቬርኒሽ ማብረቅረቅ ግን በዘመናት የተከማቸውን ገጽ በአንድ ቀን መሻር ስለ ሆነ በእኔ አስተያየት ከነቀዝ የባሰ ጥፋት ነው። የነቀዙ ቀዳዳ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን፣ አሮጌና ጥቁር ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ በሥሩ ነጣ ያለ ትኩስ ዱቄት ከተገኘ ግን ነፍሳቱ ገና በሥራ ላይ ናቸውና ዕቃው ሳይታከም ከሌላ እንጨት አጠገብ አይቆምም።

ከዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ የማሆጋኒ ዕቃ ዋጋ በእንግሊዝ እጅግ ወርዷልና፣ ጌጥ የሌለው ደህና የ18ኛው ምዕተ ዓመት ሣጥን አንዳንድ ጊዜ ከፋብሪካ ከወጣ አዲስ ሣጥን ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ገዢው ሊጣደፍ አይገባውም፤ መሳቢያውን አውጥቶ ለመገልበጥ የሚከለክለው ቢኖር ወደሚቀጥለው ሱቅ ማለፍ ነው።